ማንጎ የሚሸተው ጭስ

እማማ አስካለን በዚያ ቤት ከቁም ነገር የሚቆጥራቸው አልነበረም። ምራታቸው ሊያ ሆዷ ገፍቶም ማንጎ ማንጎ የሚሸተውን ነገር ስትምግ "ጽንሱን ትጎጃለሽ!" እያሉ አፋቸው እስኪደርቅ ቢናገሩ፣ ልጃቸው ምንተስኖት ሳቀባቸው።

"ቬፕ ነው እማዬ፣ በባትሪ የሚሠራ፤ ጭስ የለውም፣ እንፋሎት ብቻ ነው። ፊደል ሳትቆጥሪ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ፊደል ባልቆጥርም አፍንጫ አለኝ!" አሉና ሊያን እጇን ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ምንተስኖትም እየተነጫነጨ ተከተላቸው።

ሐኪሟ አላቅማማችም። ቬፑ ውስጥ ኒኮቲን አለ፤ ከእናቲቱ ደም ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የልጁን የአንጎል እድገት ሊጎዳ ይችላል አለች።

እማማ አስካለ ምራታቸው ላይ ዞሩባት። "ሰማሽ አንቺ ጉደኛ? ማነው ይሄን ያስለመደሽ?"

ሊያ አንገቷን ደፋች። "ማንጎ አምሮኝ ነበር እማማ። 'ወቅቱ አይደለም፣ ጣዕሙ ያው ነው' ብሎ ይሄን አመጣልኝ።"

አሮጊቷ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

"የእሷንም፣ አንተ ኪስ ያለውንም ቬፕ ጨምረህ እዚያ ጣል" አሉት፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው እየጠቆሙ። "ከዚያ ሂድ። ማንጎ ሳትይዝ ዓይንህን እንዳላየው!"