ጥምጣም ዘርግቶ መኪና ያስቆመው እጩ መምህር

«ኑ! ብሉ! ኧረ ብሉ...!»

ኡመይር በጮኸ ቁጥር ሰዎቹ ይበልጥ ሮጡ።

በአንድ እጁ የቴምር ሳህን፣ በሌላው የውኃ ጆግ ይዞ ነው የሚከተላቸው...

ነጠላዋ የወደቀባት ሴት፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ የቀረው ጎልማሳ፣ ልጇን ያዘለች እናት... ሁሉም ከአባዱላው ዘለው ወርደው በታጨደው የማሽላ ማሳ ላይ ይፈተለካሉ።

ሹፌሩማ ቁልፉን እንኳን አልነቀለም!

ኡመይር ማሳው መሀል ቆሞ ሳህኑን አየው። ቴምሩ ምን አጠፋ?

ወገን፣ አትሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው...

ኡመይር የሱዳን ልጅ ነው፤ የወድ መደኒ። እዚያ መምህርነት ሲማር ጦርነቱ አቋረጠው። በመተማ ተሻግሮ፣ አማርኛ እንደምንም ለምዶ፣ ጎንደር አንድ ኮሌጅ ገባ።

ባለፈው ዓመት ለሁለት ወር የማስተማር ልምምድ ከገንዳ ውሃ ወጣ ብላ አስፋልት ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ተመደበ።

መጀመሪያ ሰሞን ተማሪ እጁን አውጥቶ ጣቱን ጣ ጣ ሲያደርግበት «እንደ ውሻ ጠራኝ» ብሎ ተቀይሞ ነበር። በኋላ «ቲቸር እኔ! እኔ!» ማለት መሆኑ ገባው። ልጆቹም እንግሊዝኛውን ወደዱለት።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

በእሱ አገር ረመዳን ሲሆን የመንደሩ ወንዶች አስፋልት ዳር ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥምጣማቸውን ፈትተው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዘጉታል። መኪናው ይቆማል... መንገደኛው ወርዶ ሳይበላ አያልፍም። ዝም ብሎ ማሳለፍ ለመንደሩ ነውር ነው።

ይህ ናፈቀው። ከቤት ጓደኛው ከሙኽታር ጋር ፉል ቀቀሉ። ክርስቲያኑም ዐቢይ ጾም ላይ መሆኑን ጠይቆ ሥጋም ወተትም እንዳይነካው አደረገ። ይህን ሁሉ አስቧል።

አንድ ነገር ብቻ አልጠየቀም... እዚያ መንገድ ላይ ድንገት ወጥቶ መኪና የሚያስቆመው ማን እንደሆነ።

አጋች ነው! ሰኞ አመሻሽ ጥምጣሙን ዘርግቶ ያን አባዱላ ሲያስቆም ለተሳፋሪው የመሰለው ይኸው ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደረበ ቢሮ ጠሩት።

«ወላጅ ግቢውን ሞልቶት ነው የዋለው። ምን ነካህ ጃል?»

«ጋሽ ደረበ፣ ላበላቸው ነበር...»

«እሱንስ አምኜሃለሁ። ግን የወላጅ ኮሚቴዋ ባንቺአየሁ ከአባዱላው ወርዳ ስትሮጥ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቷል። ወላጁ የሚሰማው እሷን ነው። እስከ ዓርብ ይቅር ካላለችህ ለኮሌጅህ ‹ልምምዱ ተቋርጧል› ብዬ እጽፋለሁ። ምን ላድርግ?»

ልምምድ ከሌለ ምረቃ የለም። ወድ መደኒ የሚመለስበት ኮሌጅም የለም። ኡመይር ለሁለተኛ ጊዜ ከዜሮ ሊጀምር ነው...

በዚያው ቀን ቤቷ ሄደ። እግሯን ጠቅልላ መደብ ላይ ጋደም ብላለች።

«እትዬ ባንቺአየሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ጋ እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው።»



«ባሌ ያረጋል ሹፌር ነበር» አለች። «የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ መንገድ ላይ አስቁመው ወሰዱት። መጀመሪያ ምን እንዳሉት ታውቃለህ? ‹ና ውኃ ጠጣ።›»

ኡመይር አንገቱን ደፋ።

«አሥራ ሰባት ቀን ጫካ ከርሞ መጣ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ከዚህ አጥርም አልወጣም። ይኸው ጓዳ ተኝቷል።»

ኡመይር ስለ ልምምዱ አንድ ቃል ሳያወጣ እንባው ቀደመው።

«በል አታልቅስብኝ! ደረበ እጽፋለሁ ስላለው ደብዳቤ አስብበታለሁ። አንድ ነገር ግን ስማኝ... እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ተዘግቶበት አይጋበዝም። ዳር ትቀመጣለህ፣ ‹እንብላ› ትላለህ። መምጣት አለመምጣት የሰውየው ፋንታ ነው።»

ረቡዕ ምንጣፉን ከአስፋልቱ ራቅ አድርጎ አነጠፈ። «እንብላ!» እያለ ተቀመጠ።

መኪናው ሁሉ ፍጥነት ጨምሮ አለፈ...

ሐሙስም አንድ ሰው አልቆመም። ሙኽታር «ተወው፣ ራሳችን እንብላው» አለ።

ዓርብ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል አንድ አባዱላ ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘ።

ሞተሩ አልጠፋም። ሹፌሩም አልወረደም። መሪውን በሁለት እጁ ጨምቆ ምንጣፉን ያያል...

ኡመይር ከተቀመጠበት አልተነሣም። ተምሯላ!

«እንብላ» አለ ቀስ ብሎ።

ሞተሩ ጠፋ። ሰውየው ወርዶ፣ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ቴምሩ አንዴ ወደቀበት... ሌላ አነሣና በላ።

ይሄኔ የጋቢናው በር ተከፈተ። ባንቺአየሁ እያነከሰች ወረደች።

ኡመይር እሷን አየ። ሰውየውን አየ።

«እሳቸው ናቸው?»

«እሱ ነው፤ ያረጋል። አንተ ከሄድክ በኋላ ሳህን ይዘህ ‹ብሉ› እያልክ እንዴት እንዳባረርከን ነገርኩት... ሳቀ! በሁለት ዓመት የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ዛሬ ደግሞ ‹ያን ሞኝ ሱዳናዊ አሳዪኝ› ብሎ የወንድሙን መኪና ተዋሰ። ለደረበም ነግሬዋለሁ፤ ደብዳቤው ቀርቷል።»

ኡመይር ፉሉን ብቻ ወደ ሰውየው አስጠጋ።

ያረጋል ጠግቦ ሲነሣ «ነገም እዚህ ነህ?» አለው።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አብዝተህ ቀቅል። ነገ ሰው ጭኜ ነው የማልፈው።»

...

ወዳጆቼ፣ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። ኡመይር ሰው የማይበላውን ጠየቀ፤ ሰው የሚፈራውን ግን ሳይጠይቅ ቀረ። ጥፋቱ ሲነገረው ደግሞ «እኔ እኮ ለበጎ ነው» ብሎ አልተሟገተም። ከመንገዱ ወርዶ ዳር ቁጭ አለ። ደግ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምትከብደን ይቺ ናት።

እናንተ ባንቺአየሁን ብትሆኑ እስከ ዓርብ ትታገሡት ነበር ወይስ ማክሰኞውኑ ታባርሩት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ... ለላይክ ብላችሁ ደግ እንዳትሆኑ!