ከመርከብ ኋላ ያለው ነጭ ውሃ

አንዱዓለም ደባርቅ እናቱ ቤት ከገባ ቀናት አልፈዋል፤ የመጣበትን ነገር ግን እስካሁን አልተነፈሰም።

በሆዱ የያዘው የታናሽ ወንድሙን የእንግዳውን መርዶ ነው። እንግዳው የጭነት መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። በማዕበል ከመርከቡ ኋላ ወደቀ፤ ፈለጉት፣ አላገኙትም። ከድርጅቱ የተደወለው ለአንዱዓለም ነበር።

እናታቸው ወይዘሮ በለጠች የደም ግፊት አለባቸው። አምና ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሎ ልጃቸውን ለብቻው አስጠንቅቆታል። እና አንዱዓለም በየማለዳው «ዛሬስ እነግራታለሁ» ብሎ ይነሣል፤ ፊታቸውን ሲያይ ምላሱ ይታሰራል።

ስልኩን አጥፍቶ ሻንጣው ውስጥ ከትቶታል። የእናቱም ስልክ ወድቆ ተሰብሯል፤ ይህን ሲሰማ በልቡ «ተመስገን» አለ። የቀረው የግቢው በር ነው። በተንኳኳ ቁጥር ወሬ ይዘው መጡ ብሎ ይሮጣል፤ ወይዘሮ በለጠች በዚያ ደካማ ጉልበታቸው ይቀድሙታል።

«ማን ነው?» ይላል ከኋላቸው።

«ጎረቤታችን ምሥራቅ ናት። ወንፊት ፈልጋ።»

ምሥራቅ ወንፊቱን ሳትይዝ ተመለሰች።

መውጣትም አልሆነለትም። የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ሩፋኤልን ሊያማክር ጫማውን ሲያስር እናቱ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ጭጋጉ ሳይነሣ የት ልትሄድ? ይህ ብርድ ይመታሃል።»

የሰሞኑ ጭጋግ ደግሞ የሚነሣ አይደለም። የገዛ ቤቱ እስር ቤት ሆነበት፤ አሳሪውም የሚወዳቸው እናቱ ናቸው።

እንግዳው የት ደረሰ ብለው እንዳይጠይቁት ወሬውን ሁሉ ወደ ሥራው ይመልሰዋል፤ ደግነቱ አልጠየቁትም። ሥራው የአረፋ መጠን ማስላት ነው። መርከብ በሚያምሰው ውሃ ውስጥ አረፋው ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ የቱ እንደሚሰባበር በኮምፒውተር ይተነብያል። ባሕር በሌለበት አገር የመርከብ አረፋ ቆጣሪ! ሰፈሩ ለዓመታት ስቆበታል። እንግዳው ግን አልሳቀም፤ ከወንድሙ አፍ ሰምቶ ነው መርከብ የወደደው። አንጀቱን የሚበላውም ይኸው ነው። በአረፋ የተሞላ ነጭ ውሃ ሰው እንደማይሸከም አንዱዓለም አሳምሮ ያውቃል።

ምሳ ላይ ወይዘሮ በለጠች ጉርሻ በጉርሻ አደረጉት።

«ብላ እንጂ፣ አንዱዬ። ሆድህን ባዶ አታድርገው።»

እሱም መልሶ ያጎርሳቸዋል። መርዶ የሚረዳ ሰው አስቀድሞ እህል መቅመስ አለበት፤ ዛሬ ከሰዓት መንገሩ አይቀርም ብሎ ቆርጧል።

«ያ አረፋህ፣» አሉት በመሐል፣ «ቶሎ ወደ ላይ የሚወጣው ትልቁ ነው ትንሹ?»

«ትልቁ ነው። ትንሹን ውሃው እያላጋ ውስጥ ያቆየዋል።»

«እዚያው ይቀራል በቃ?»

«አይቀርም፣ እማዬ። ቢዘገይም ይወጣል።»

እጅግ ትንሹ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ እንደሚጠፋ አልነገራቸውም። ወይዘሮ በለጠች ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ። ከሰዓቱም እንደ ሌላው ቀን አለፈ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። አንዱዓለም ነጠላውን ደርቦ ብቅ አለ። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ከዳባት የመጡት አጎቱ አቶ ገዱ ከኋላ፣ ከዚያም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይገባሉ። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ አገር ያውቃል። ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው።

ፈራ፤ ደግሞም ከእሱ አፍ ስላልወጣ ቀለለው፤ በመቅለሉም አፈረ። እናቱ ሲወድቁ ሊደግፋቸው ዞር ሲል ከኋላው ቆመው አገኛቸው። ወገቡን አጥብቀው ይዘዋል።

አባ ወልደ ሩፋኤል የአንዱዓለምን ሁለት እጆች ያዙና «ልጄ፣ ጠንከር በል፤ የወንድምህ መርዶ ለእናትህ ተደውሎ ደርሷት፣ ልትነግርህ አንጀቷ አልችል ቢላት ነው እኛን የላከችን» አሉት።