የግራዝማች ባለጎማ ቤት

ግራዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ዳማ በቅሏቸውን ከነኮርቻዋ ሰጥተው ጎማ ያላት ቤት ሲለውጡ በቢቸና ያልሰማ አልነበረም። መንገድ ሲለካ የከረመ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሏት የሄደ፣ በመኪና የምትጎተት፣ አልጋና ምድጃ ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት። ግራዝማች መኪና የላቸውም። በስድስት በሬ አስጎትተው ግቢያቸው አስገቧት፤ አንዱ በሬ ሳምንት ሙሉ አነከሰ።

ከዚያ ወዲያ ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት እዚያ ውስጥ ሆነ። ከአልጋው በላይ የጃንሆይን ፎቶ ሰቀሉ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመቆም ባርኔጣ ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ለባለጉዳይ ባርኔጣ ማውለቅ ደግሞ ክብር ይነካል። ስለዚህ ተቀምጠው ይውሉ ነበር።

ችግሩ በቅሎዋ ቃል የተገባባት መሆኗ ነው። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለሞጣው ቀኛዝማች ወልደ ኪዳን ሊድሩ በኅዳር ወር በሽማግሌ ፊት ተዋውለዋል። አባት ለሙሽሮቹ የሚሰጠው ማጫም ውሉ ላይ ሰፍሯል፤ «ዳማ በቅሎ ከነኮርቻዋ» ይላል። ቀኛዝማች ሚስት የሞተችባቸው፣ ከግራዝማች በሁለት ዓመት የሚበልጡ ሰው ናቸው። ሰብለ ወንጌል ሃያ ዓመቷ ነው። ነገሩን የሰማች ዕለት አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አላለቀሰችም። አባቷ ይህን ከጥሩ አስተዳደግ ቆጠሩት።

ባለጎማዋን ቤት መጀመሪያ አይታ ያወራችላቸውም እሷው ናት። ቀኛዝማች በቅሎማ ሞልቷቸዋል፣ በበቅሎዋ ፋንታ ይህችን ቢያገኙ ግን አገር ጉድ ይላል አለቻቸው። ግራዝማች አገር ጉድ ሲል መስማት ይወዳሉ።

አገር ጉድ አለ፤ ቀኛዝማች ግን አላሉም። «ቤት አለኝ፤ የጎደለኝ በቅሎ ነው። ዳማዋ እስከ ቅበላ ካልመጣች ውሉ ፈርሷል» ብለው ላኩ። ቅበላ ካለፈ ጾም ነው፣ ሠርግ የለም። ግራዝማች በቅሎዋን ማስመለስ ግድ ሆነባቸው።

በቅሎዋን ወስዶ ቤቷን የሰጣቸው ገላው ነው፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ምላሰ ጤፍ የሞጣ በቅሎ ነጋዴ። አስጠርተው የሰጠኸኝን ውሰድ፣ የሰጠሁህን መልስ አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ዕቃ ሳያዩ መውሰድ ነውር ስለሆነ አስቀድሜ ልያት አለ።

ቅዳሜ መጣ። ቁልፉ የሚውለው ቤቷን በምትጠርገው በሰብለ ወንጌል እጅ ነው። እሷ ከፈተችለት፤ እሱ ወለሉን አንኳኳ፣ አልጋውን በክንዱ ለካ፣ ምድጃውን ከፍቶ ዘጋ። የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ሀብትነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ምርመራው እስከ ምሳ ዘለቀ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ያለች ቤት ደብረ ማርቆስ ላይ አሥር ተሰልፋ የሚያያት አጥታለች» አለ ሲወጣ። «ይህችማ ምንጣፏ ሥር በስብሷል። በቅሎዋን እሰጣለሁ፤ ኮርቻውን ግን አልችልም።»

ግራዝማች አባረሩት። ምንጣፉን ቢያነሱት ግን እውነትም በስብሷል። ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጠውበት አላዩትም።

«ይህ ሌባ ምንጣፍ ሳያነሳ በምን አየው?» አሉ።

«የነጋዴ ዓይን ነዋ አባባ» አለች ሰብለ ወንጌል፣ መጥረጊያዋን እያነሳች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከአልጋው በላይ ጣሪያው እንደሚያፈስ አወቀ። ፎቶውን ቢያነሱት ጀርባው ሻግቷል። ዳማዋ ቀረችና ባንድ ዓይኗ የማታይ አሮጊት በቅሎ ልስጥ አለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል አለና አህያ ላይ ደረሰ። ያውም አህያዋን ልምረጥ ቢሉት ምርጫ የለም አላቸው።

ግራዝማች ነገሩ ገባቸው። ሰውዬው ቤቷን በከንቱ ወስዶ ደብረ ማርቆስ ላለው ገዥ ሊሸጥ ነው። እንዲህ ባይሆን በየሳምንቱ ከሞጣ ድረስ ምን ያመላልሰዋል? ሳይቀድማቸው ራሳቸው ሊሸጧት ደብረ ማርቆስ ሰው ላኩ። ሰውየው አሥሩን ቤቶች በዓይኑ አይቶ ተመለሰ፤ በሦስቱ ውስጥ ዶሮ ታድራለች።

የቅበላ ሳምንት ገባ። ግራዝማች ተሸነፉ። ኮርቻው ይቅር፣ ኮርቻ እዋሳለሁ፣ በቅሎዋን ብቻ አምጣ ብለው ላኩበት። ዳማዋን ሩቅ አገር ልኬያታለሁ፣ እስከ ፋሲካ አትመለስም የሚል መልስ መጣ።

ቅበላ አለፈ። ቀኛዝማች ውሉን ቀደው ቁራጩን ላኩ። ግራዝማች ባለጎማዋ ቤት ውስጥ ገብተው ሦስት ቀን አልወጡም፤ አፍረዋል። ወይዘሮ ሀብትነሽ ምግብ እያቀበሉ፣ ልጅቷ አልሞተች፣ ለሷም የሚሆን አይጠፋም ይሏቸዋል። እሳቸው ግን የዚያ የገላው እግር ደጄን ቢረግጥ እሰብረዋለሁ ብለው በታቦት ማሉ።

ጾሙ ተፈታ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ዳማዋ በቅሎ፣ ኮርቻዋ እንደ ተጫነ፣ ጸጉሯ እስኪያበራ ተቀልባ ቆማለች። ግራዝማች በደስታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሌባው ጾሙ ልቡን ነክቶት አስመለሳት ብለው፣ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ።

ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ትልቁ፣ መሪጌታ ገብረ ሕይወት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሞጣው ገላው ልጅዎን እንዲሰጡት ይለምንዎታል። በቅሎዋ የጥሎሽ ናት። ማጫ አይጠይቅም፤ ባለጎማዋ ቤት ብቻ ትበቃዋለች፣ ሰብለ ወንጌል እናቷ በፈተሉት ክር መጋረጃዋን ሰፍታ ጨርሳለች ብሏል።»