የምትበቃው ድስት

እናቴ ለስንት ሰው የትኛው ድስት እንደሚበቃ በዓይኗ ብቻ ታውቃለች፤ ተሳስታም አታውቅ። ቤታችን ሰው የሞላበት ስለነበር ሁልጊዜ የምትጥደው ትልቁን ነበር። አንድ ጠዋት ግን እጇ መካከለኛውን አነሳ።

«እማዬ፣ በዚህች ልታስርቢን ነው?» አላት ታላቅ ወንድሜ፣ ሚስቱንና ልጆቹን መኪና ላይ እያሳፈረ። «ለምሳ እንመለሳለን እኮ!»

«ኧረ ምን ነክቶኝ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ድስቱን ግን አልቀየረችውም።

መኪናቸው መንገድ ላይ ተገለበጠ። አንድም የተረፈ የለም። አባቴ፣ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ድስት መንካት እርም አለች። «አንቺ ምረጪ፣ የኔ እጅ ሟርተኛ ነው» ትለኛለች፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ሸሽጋ።

ትናንት መካከለኛውን ድስት ጣድኩና ሽንኩርት ልከትፍ ዞር አልኩ። ስመለስ ምድጃው ላይ ያለችው፣ ለአንድ ሰው ወተት የምናሞቅባት ትንሿ ድስት ናት።

«እማዬ፣ ማነው የቀየረው?»

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እንባ ባቀረረ ዓይኗ እጆቼን ታያለች።

«አንቺው ነሽ፣ ልጄ» አለችኝ።