ትርሲትዬ ብቻ

አቶ ወልደሰንበት ጨረቃ ላይ ለምትሠራው ልጃቸው ኢሜይል ጻፉ፦ «ትርሲትዬ፣ እኛ ደህና ነን። እናትሽም ሰላም ብላሻለች።»

ኢሜይሉ ተመልሶ መጣ። «የተሰወረ ነገር ተገኝቷል» ይላል። የኢሜይሉ ማጣሪያ ድሮ የሚይዘው አጭበርባሪዎች በማይታይ ኮድ የሚሸሽጉትን ቃል ነበር፤ ዘንድሮ ጸሐፊው በልቡ የሸሸገውንም ማየት ጀምሯል።

ባለቤታቸው ከተቀበሩ ሳምንታቸው ነው።

«መርዶ እኮ በጽሑፍ አይነገርም» አሉት ማሽኑን። «ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚያረዳት።» ጨረቃ ድረስ የሚሄድ ዘመድ ግን የላቸውም።

ስለ እናቷ ያለውን ሰርዘው «እኔ ደህና ነኝ» ብቻ አሉ። እሱም ተመለሰ። እሱንም ሰረዙት። የቀረው «ትርሲትዬ» የሚለው ብቻ ነበር፤ አለፈ።

ወዲያው መልስ መጣ።

«አባዬ፣ እማዬ መቼ ነው ያረፈችው?»