ዘጠኙ የኦኔዚም ሳንቃዎች

ቴዎፊል የዩላሊን ዘጠኝ የመስኮት ሳንቃ ሰረቀ። ሰፈሩ ይህን የሰማው ከራሷ አፍ ነው፤ ማዕበሉ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው።

በሉዊዚያና ረግረግ ዳር የመስኮት ሳንቃ እንደ ዋዛ አይታይም። አውሎ ነፋስ ሲመጣ መስኮቱ ላይ በምስማር ይመታል፣ ሲያልፍ ይነቀላል፣ ለከርሞ በቤተ ክርስቲያኑ ቆጥ ይቀመጣል። የትኛው የየትኛው መስኮት እንደሆነም ይጻፍበታል። በዩላሊ ሳንቃዎች ላይ የጻፈው ሟች ባሏ ኦኔዚም ነበር፦ «ጓዳ»፣ «መኝታ ቤት፣ ግራ»፣ «መታጠቢያ ቤት፣ ተጠንቀቂ፣ ጠባብ ነው»። ሰውየው በዕድሜው ሙሉ ለሚስቱ የጻፈላት ደብዳቤ ይኸው ብቻ ነው።

የእሷና የጎረቤቷ የቴዎፊል ቤቶች መንትያ ናቸው። ሁለቱንም አንድ አናጢ በአንድ ዓመት ሠራቸው። መስኮቶቹን ግን በዓይኑ እየገመተ ስለቆረጣቸው፣ የአንዱ ቤት ከሌላው አይገጥምም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ማዕበል ድንገት አቅጣጫ ቀይሮ ሲመጣ፣ ሰው ሳንቃውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቆጥ ለማውረድ እንኳ ጊዜ አላገኘም። እግሬ አውጪኝ ብሎ ሸሸ። ውሃው ሁለቱን ቤቶች ከነወለላቸው አነሣና አስፋልቱን አሻግሮ ሸንኮራ አገዳ ማሳ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ቤት ጎታቾቹ ከባድ መኪናቸውን ይዘው ሲመጡ ቴዎፊል ገና እህቱ ዘንድ ነበር። ሁለቱም ቤት እስከ ጣራው ጭቃ ለብሷል። ዩላሊ የእሷን በጣቷ አመለከተች፤ እነሱም በየቦታው ጎትተው መለሱ። በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ግድግዳውን እስካጥንቱ ልጠው አዲስ ለበጡት፤ ሁለቱንም ነጭ ቀለም ቀቡ።

ጎርፉ ለዩላሊ አንድ ደግ ነገር አድርጎላታል። ኦኔዚም «ነገ እጠግነዋለሁ» እያለ ሃያ ዓመት ሲያንጠባጥብ የኖረው ጣራ፣ ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። ተአምር ነው ብላ በየእሑዱ ሻማ ታበራለች። የቴዎፊል ጣራ በአንጻሩ ወንፊት ሆነ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ያለ የሌለ ድስቱን ወለሉ ላይ ይደረድራል። በአባቴ ጊዜ ጠብታ አናውቅም ነበር ሲል፣ እሷ አጥር ተደግፋ፣ አባትህማ ሰው ነበር ትለዋለች።

ከዚያ ጎርፍ ወዲህ ሳንቃ ያስፈለገው ዘንድሮ ነው። ዩላሊ መብራት ሳይጠፋ ብላ የፍሪጇን ሽሪምፕ ሁሉ ቀቀለች፤ ገንዳውን ውሃ ሞላች፤ ሻማና ክብሪት አዘጋጀች። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቆጥ ወጣች። የሳንቃዎቿ ቦታ ባዶ ነው። ስትመለስ የቴዎፊል መስኮቶች ተከልለዋል፤ አንዱ ላይ የኦኔዚም የእጅ ጽሑፍ «ጓዳ» ይላል።

መዶሻዋን እንደያዘች ሄደች።

«አንተ ቴዎፊል፣ የሙት ጽሑፍ መስኮትህ ላይ ስትሰቅል እጅህ አልተንቀጠቀጠም?»

መሰላል ላይ ነበር፤ አልወረደም።

«እትዬ ዩላሊ፣ የአባቴ ሳንቃዎች አንዱም አልገጥም አለኝ። እነዚህ ግን ልክክ አሉ። የድሮው የምስማር ቀዳዳ ሳይቀር ከመስኮቱ ቀዳዳ ጋር ገጠመ። ጋሼ ኦኔዚም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በስህተት የእኛን አንሥተው ጽፈውባቸው ይሆናላ።»

«ስህተት» ያለው ለይሉኝታ ነው። ዩላሊ የሰማችው ሌላውን ቃል ነው። ባሌ በዕድሜው የሰው ምስማር ነክቶ አያውቅም ብላ እሪ አለች፤ ሰፈሩ የገዛ መስኮቱን ጥሎ መጣ። ቴዎፊል አንገቱ እስኪቀላ ተሳደበች። የአባቱን ስንፍና፣ የእሱን ድስቶች፣ ሚስት ያጣበትን ምክንያት ሁሉ ተራ በተራ ዘረዘረችለት።

በመጨረሻ ሰውየው በሰው ፊት ቃል ገባ። የአባቱን ሳንቃዎች ወስዳ ቤቷ ላይ ትሞክር፤ ካልገጠሙ የእሷን ነቅሎ ይመልሳል፤ ሌባ ነኝ ብሎም በቤተ ክርስቲያን ይቆማል።

ዩላሊ ሳቀች። ዘጠኙን ሳንቃ በእጅ ጋሪ ገፍታ ወሰደች፤ ለሙከራ ሳይሆን ቶሎ ተመልሳ ለማዋረድ።

የጓዳው ገጠመ።

አጋጣሚ ነው አለች። የመኝታ ቤቱን አነሣች። ገጠመ፤ ምስማሩ መዶሻ ሳያሻው የድሮ ቀዳዳው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። የመታጠቢያ ቤቱ ሳንቃ ሰፊ ነበር፤ መስኮቱን አየችው፤ እሱም ሰፊ ነው። ዘጠነኛውን ከሰካች በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። በአጥሩ ማዶ የቴዎፊል ድስቶች ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመሩ። ዩላሊ አንገቷን ቀና አድርጋ ከበላይዋ ያለውን ጣራ አየች። ደረቅ ነው። ወደ ማዶው ጣራ አየች። እንደገና ወደ ራሷ ጣራ አየች። ያን ጊዜ ጭቃ ከለበሱት ቤቶች አንዱን ያመለከተችበትን ጣቷንም አየች።

ወደ ጎረቤቷ ስትመለስ ሰፈሩ በዝናብ ቆሞ ይጠብቃታል። ቴዎፊል የመዶሻውን ጅራት ከኦኔዚም ጽሑፍ ሥር ሰክቷል።

«እንዴት ሆነ እትዬ? ልንቀላቸው?»

«ተዋቸው ልጄ፤ ያንተው ናቸው። ሌባውስ የኔው ኦኔዚም ነበር።»