ድቅሉ የታለ?

ጋሽ ገሠሠ ማይክራፎኑን አፋቸው ጋ አድርሰው ቃል ጠፋባቸው። ሜዳው ላይ ልጃገረዶቹ ኳሷን በእግራቸው እየገፉ ሲሮጡ ፊሽካ ተነፋ። ወዲያው አንዷ ጎንበስ ብላ ኳሷን በእጇ አፈፍ አደረገችና ሩጫዋን ቀጠለች። ዳኛው ምንም አላለም። ይኼ ጥፋት ነው ወይስ ጨዋታ? ዕድሜ ልካቸውን በሚዛን ከተማ ሜዳ ጎል ሲገባ ሲጮኹ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ የሚሉት አጡ።

"አባዬ፣ ተናገር እንጂ!" አለቻቸው ልጃቸው ፀደንያ ከመስመሩ ዳር፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ።

ከጎኗ ከአዲስ አበባ የመጡት የሊጉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሊጉ አዲስ ነው፤ ጨዋታውን ፊሽካ እየለየው ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በእጅ ይጫወቱታል። ጅማ ላይ ክለብ ከፍቷል፣ ቦንጋም ላይ እንደዚሁ። ዛሬ የሚዛንና የቴፒ ልጆች ለሙከራ ይጋጠማሉ። ሕዝቡ ከወደደው ሚዛን ክለብ ታገኛለች፤ ፀደንያም አሠልጣኝ ሆና እዚሁ አባቷ ጋ ትቀራለች። ካልሆነ ግን ሰኞ ተሳፍራ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ የአባቷ ቤት ከእሷ ሌላ ድምፅ የለውም።

ሕዝቡስ ይኸው፣ ሜዳውን ዙሪያውን ሞልቶታል። እንግዶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። ጋሽ ገሠሠን ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ሰዉ ጆንያ ይዟል። ቅርጫት ያዘለች ሴትዮ አለች። አንዱማ ጋሪ ይዞ መጥቷል። ኳስ ሊያይ የመጣ ሰው ጋሪ ምን ይሠራለታል?

"ወንድም ገሠሠ፣ ጌታ ይባርክህ" አለ አንድ ሰው ከኋላቸው። ይስሐቅ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡና የሚያለማው። "ልጆቹ ይጫወቱ፣ ደስ ይላል። ድቅሉ ግን መቼ ነው የሚታደለው?"

"የምን ድቅል?"

"አንተ አይደለህ እንዴ በባጃጅ እየዞርክ የለፈፍከው? የኔ ቡና በበሽታ አልቆ ነቅዬዋለሁ። ጉድጓዱንም ቆፍሬ ጨርሻለሁ። ዝናቡ ሳያልፈኝ እተክላለሁ ብዬ ነው የገሰገስኩት።"

ጋሽ ገሠሠ ክው አሉ።

ፀደንያ "ሃይብሪድ ሊግ ብለህ አስተዋውቅ" ብላቸው ነበር። ይኼን ቃል ማን ይረዳዋል ብለው፣ የግብርና ባለሙያውን አስረስን ሻይ ቤት አግኝተው ጠየቁት። "ድቅል ማለት ነው፣ ሁለት ዓይነት ተዳቅሎ የሚወጣ" አላቸው። ደስ ብሏቸው ሞንታርቦውን ባጃጅ ላይ ጫኑና መንደር ለመንደር ዞሩ። "ድቅሉ መጣ! ጅማ ላይ ሥር ሰዷል፣ ቦንጋ ላይ ፍሬ ሰጥቷል! ቅዳሜ ሜዳ ኑ፤ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም!" ባዶ እጁን ያሉት ካናቴራ ስለሚታደል ነው። ለካ በቡና አገር ድቅል ሲባል ሰው የሚያስበው የቡና ችግኝ ብቻ ኖሯል!

"ይስሐቄ" አሉ በለሆሳስ፣ "ድቅሉ ያውልህ።" ወደ ሜዳው ጠቆሙ።

"የቱ?"

"ጨዋታው ነዋ። እግርና እጅ ተዳቅሎ።"

ይስሐቅ ሜዳውን አየ። ከዚያ እሳቸውን አየ። "እና ይኼን እንትከለው?"

ጋሽ ገሠሠ ሕዝቡን ቃኙ። ዝም ቢሉ ሰዉ ችግኝ እየጠበቀ እስከ መጨረሻው ይቆማል፤ እንግዶቹም ሜዳው ሞላ ብለው ረክተው ይሄዳሉ። ቢናገሩ ሜዳው ባዶውን ይቀራል። ወደ ፀደንያ ዞሩ፤ እየሳቀች ነው፣ የእናቷን ሳቅ። ወደ ይስሐቅ ዞሩ፤ ቀልድ መስሎት ጆንያውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ በትዕግሥት ይጠብቃል። ይኼ መጠበቁ ነው ያላስቻላቸው።

"ወገኖቼ" አሉ በማይክራፎኑ። "ችግኝ የለም። ድቅል ያልኩት ኳሱን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እነዚህ ልጆች ምንም አያውቁም። ሥራ ያለው ይሂድ፣ አልቀየምም።"

ተጫዋቾቹ እንኳ ቆሙ።

"ጋሽ ገሠሠ!" አለ አንዱ ከሕዝቡ መሐል፣ "ለከርሞ ደግሞ ኳስ ነው በለንና ችግኙን አምጣልን!"

ሳቁ ፈነዳ። ግን እየሳቁም ይወጡ ጀመር። ባለጋሪው ጋሪውን አዞረ፤ ይስሐቅም ራሱን እየነቀነቀ ተከተለው። እንግዶቹ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ፀደንያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቀረች። ጨዋታው ቀጠለ፤ እንደገና ፊሽካ፣ እንደገና በእግር። ጋሽ ገሠሠ ቀና ብለው ልጃቸውን ማየት አቃታቸው።

እጅጌያቸው ተጎተተ። ባለቅርጫቷ ሴትዮ ናት።

"ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ሆኜ አልሰማ አለኝ።"

"ችግኝ የለም፣ የኔ እመቤት። ይቅር በይኝ።"

"እሱንማ ሰማሁ።" አንገቷን አስግጋ ሜዳውን አየችና ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። "ስንት ለስንት ነን?"

"ነን" አለች። ማይክራፎኑ አልጠፋም ነበርና ጥያቄዋ በሞንታርቦው ሜዳውን ዞረው። በሩ ጋ የደረሱት ሰዎች መልሱን ሊሰሙ ቆም ብለው ዞሩ።

ጋሽ ገሠሠ አፋቸውን ከፈቱ። የዚህ ጨዋታ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር ግን አያውቁም።